እግሯ እስኪጠና ከትምህርት ቤት ትቅር?

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ያለ ጊዜዋ ነው የተወለደችው። ሴሬብራል ፓልሲ ነው ተብለናል። ሁለቱም እግሮቿ ይወጠራሉ፤ እጆቿ ደህና ናቸው። በዎከር (እየገፉ በሚራመዱበት መደገፊያ) ትሄዳለች። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ፊዚዮቴራፒ ስለምወስዳት በነዚያ ቀናት ግማሽ ቀን ትምህርት ያልፋታል። ማታ የታዘዘላትን ስፖርት ስናሠራት የቤት ሥራው ይቀራል፤ የቤት ሥራውን ስናስቀድም ስፖርቱ ይቀራል። ፊደል ላይ ከጓደኞቿ ወደ ኋላ ቀርታለች። አስተማሪዋ «ዘንድሮ ትረፍና እግሯ ሲጠና ትምጣ» አለችን። ባለቤቴና አብራን የምትኖረው እናቴ ተስማምተዋል። እኔን ግን ከብዶኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ፣ ይቻላል። ልጅዎንም ከትምህርት ቤት አያስቀሯት።

የአስተማሪዋ ሐሳብ ከክፋት የመጣ አይመስለኝም። ልጅቷ ስትደክም አይታ አዝና ይሆናል። ግን «እግሯ ሲጠና» የሚለው ነገር ራሱ ልክ አይደለም። ሴሬብራል ፓልሲ አንጎል ገና በማደግ ላይ እያለ ከሚደርስበት ጉዳት የሚመጣ ነው። ጉዳቱ ከዓመት ዓመት አይባባስም፤ በአንድ ዓመት ስፖርትም አይጠፋም። ፊዚዮቴራፒው የብዙ ዓመት ሥራ ነው። የዛሬ ዓመትም ዎከሩ ሊያስፈልጋት ይችላል። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ዓመት ትረፍ ሊባል ነው?

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች መቀመጥን፣ መቆምንና መራመድን በብዛት የሚይዙት በትንሽነታቸው ነው። ከሚደርሱበት የእንቅስቃሴ ችሎታ አብዛኛውን እስከ 5 ዓመታቸው ገደማ ይይዙታል። ይህን የምልዎ ተስፋ ላስቆርጥዎ ብዬ አይደለም። ከዚያ በኋላም ጡንቻ ይጠነክራል፤ አቅም ይጨምራል፤ ያላትን ችሎታ በየቦታው መጠቀም ትለምዳለች። ስፖርቱ ከቆመ ደግሞ አጥንቷ ሲረዝም ጡንቻው እኩል ስለማያድግ ባቷና ቋንጃዋ እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒው የግድ ይቀጥላል። ግን በ7 ዓመቷ ማንበብ የምትይዝበትን ጊዜ አሳልፎ እግር መጠበቅ ትርፍ የለውም። ይህን ለባለቤትዎም ለእናትዎም ረጋ ብለው ያስረዷቸው። እነሱም ስለሚሳሱላት ነው የተስማሙት።

መብቷንም ይወቁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አንድ ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ይላል። ከአስተማሪዋ ጋር ለመጣላት አይጠቀሙበት። ነገሩ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ከደረሰ ግን የሚይዙት ነገር ይኑርዎ።

አሁን ወደ ሥራው። ስፖርቱንና ትምህርቱን ከማጣመርዎ በፊት አንድ ደንብ ይያዙ፦ እንቅስቃሴው ከባድ ከሆነ ትምህርቱ ቀላል ይሁን፤ ትምህርቱ አዲስ ከሆነ እንቅስቃሴው የለመደችው ይሁን። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከባድ መሆን የለባቸውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። እኔና እርስዎ ስንራመድ ስለ እግራችን አናስብም። ልጅዎ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ታስባለች። ዎከሩን መግፋት፣ ክብደቷን ወደ አንድ እግር ማዛወር፣ ሌላውን እግር ማንሳት፣ ጉልበቷ እንዳይጋጭ መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ ሐሳብ ይፈልጋል። መኪና መንዳት የሚማር ሰው መንገዱ ሲጨናነቅ ሬዲዮኑን ያጠፋል አይደል? እሷም ልክ እንደዚያ ናት። እየተራመደች ያልገባትን ነገር ቢጠይቋት ወይ ትቆማለች፣ ወይ ትወድቃለች፣ ወይ መልሱ ይጠፋባታል። ከዚያ ሰው «ሰነፍ ናት» ይላታል። ሰነፍ ሆና ሳይሆን ሁለት ከባድ ሥራ አንድ ላይ ስለተጫነባት ነው።

ፊደሉን እንዲህ ያስኬዱት። ሰባት ቤት አለ፦ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ሰባት ቤት ማለት ሰባት እርምጃ ነው። ቤት ውስጥ ወይ ኮሪደር ላይ በጠመኔ ሰባት መስመር ያስምሩ። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት የሷ እርምጃ ይሁን እንጂ የእርስዎ አይሁን። በየመስመሩ ላይ አንድ ፊደል በትልቁ ይጻፉ። ዎከሯን ትገፋለች፣ ትራመዳለች፣ «ለ» ትላለች። ትራመዳለች፣ «ሉ» ትላለች። «ሎ» ላይ ስትደርስ አንድ ረድፍ ጨረሰች ማለት ነው። አያቷ ባህላዊውን ዜማ ካወቁት፣ «ለ ግዕዝ፣ ሉ ካዕብ» እያሉ ይምሯት። ዜማው የእርምጃዋን ምት ያስተካክልላታል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች በዜማ ሲሉት በቃላቸው የሚይዙት በከንቱ አይደለም።

ልብ ይበሉ፣ በእርምጃ የምትለው ፊደል ቀደም ብላ ያወቀችው ይሁን። አዲሱን ረድፍ መጀመሪያ ተቀምጣ ትማር። በደንብ ሲገባት፣ በማግስቱ ወይ በሦስተኛው ቀን ወደ ወለል ይውረድ።

ከዚያ ከባዱ ክፍል ይመጣል፤ መዞር። በዎከር መዞር ቀጥ ብሎ ከመሄድ ይከብዳል። «ሎ» ላይ ደርሳ ዞራ ስትመለስ ፊደሉን ከኋላ ወደ ፊት ታነብባለች፦ ሎ፣ ል፣ ሌ፣ ላ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገለጥልዎታል። ብዙ ልጆች ረድፉን በዜማ ስለሸመደዱት የሚያነቡ ይመስላሉ። ወደ ኋላ ሲባሉ ግን ይጠፋባቸዋል። ልጅዎ ከኋላ ማንበብ ከቻለች ፊደሉን በቅርጹ ለይታዋለች ማለት ነው። ካልቻለች መዞሩን ይተዉትና ተቀምጣችሁ ቅርጹ ላይ ሥሩ። ሁለቱ ሲለምዱላት «ሊ ላይ ቁሚ! አሁን ላ ላይ!» እያሉ ያጫውቷት። መቆም፣ ማሰብ፣ እንደገና መነሳት ለሷ ትልቅ ልምምድ ነው። መንገድ ስታቋርጥም የሚያስፈልጋት ይኸው ነው።

የፊደል ገበታውንም ይጠቀሙበት። ብዙ ቤት ውስጥ ገበታው ወለል ላይ ወይ ጠረጴዛ ላይ ነው። እርስዎ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ቁመቱ በዓይኗ ልክ ወይ ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። ፊት ለፊቱ ቆማ በአንድ እጇ ዎከሩን ወይ ጠንካራ ወንበር ትያዝ፤ በሌላው በስንጥር ትጠቁም። ግዕዙ በግራ ጫፍ፣ ሳብዑ በቀኝ ጫፍ ስለሆነ እጇ ወደ ጫፍ ሲዘረጋ ክብደቷ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይዛወራል። ፊዚዮቴራፒስቷ ፓራለል ባር (ግራና ቀኝ በእጅ የሚያዙ ሁለት ዘንጎች) መካከል አቁማ የምታሠራት አንዱ ነገር ይኸው ክብደት ማዛወር ነው። ቤት ውስጥ ግን ፊደል እየቆጠረች ስለምትሠራው ለምን ቁሚ እንደተባለች ይገባታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ልጅ ለራሱ ግብ ሲንቀሳቀስ፣ ሰው እግሩን ይዞ ሲያንቀሳቅስለት ከሚያገኘው ይበልጥ ይማራል። በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች ዛሬ በስፋት የተስማማንበት ነገር ነው።

ሒሳብ ደግሞ ለመቀመጥና ለመነሳት ይመቻል። ከበርጩማ ላይ መነሳት የጭኗን ጡንቻ ከሚያጠነክሩት ልምምዶች ሁሉ ለቤት የሚስማማው ነው። በርጩማው ተረከዟ መሬት የሚነካበት፣ ጉልበቷ እንደ ማዕዘን (90 ዲግሪ) የሚታጠፍበት ይሁን። ከከበዳት ከፍ ያለ ይስጧት፤ ከፍ ሲል መነሳት ይቀላል። አጠገቧ ወለሉ ላይ 10 ቆርኪ ያስቀምጡ። ፊት ለፊት ጠረጴዛ ይሁን። ጎንበስ ብላ አንድ ቆርኪ ታነሳለች፤ ቆማ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ ትቀመጣለች። «ላይ ስንት ሆነ? ታች ስንት ቀረ?» ይበሏት። አንድና ዘጠኝ፣ ሁለትና ስምንት፣ ሦስትና ሰባት። አሥሩን ስትጨርስ አሥር ጊዜ ተነስታለች፤ አሥርን የሚሠሩትን ቁጥሮችም በእጇ ነክታ አውቃቸዋለች። የአንደኛ ክፍል መደመርና መቀነስ ዋናው መሠረት ይህ ነው። የታዘዘላት ሦስት ዙር ከሆነ እናትዎ ቡና ሲያፈሉ ያድርጉት። በአቦል አንድ ዙር፣ በቶና አንድ፣ በበረካ አንድ። በየመሃሉ ታርፋለች። «ይሄ ስንተኛው ነው?» ሲሏት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚለውንም ትይዛለች። ከሰሉና ከጀበናው ግን ራቅ ትበል።

የሳንቲም ነገርም አለ። እጇ ደህና ነው ብለዋል፤ እሰየው። ቢሆንም ቆማ ሳንቲም ስትለቅም እግሯ ሳታውቀው ይሠራል። የአንድ ብርና የሃምሳ ሳንቲም ዝርዝር ይደባልቁና ቆማ ትለይ፤ የታክሲ ሒሳብም ትክፈል።

አሁን ስለ ጡንቻ ማሳሳብ። የባትና የቋንጃ ስትሬቺንግ ብዙ ጊዜ 30 ሰከንድ ይያዛል። እዚህ ላይ ወላጆች ጊዜውን ለመጠቀም ሲሉ ጥያቄ ይደረድራሉ። እባክዎ አያድርጉት። ስትሬቺንግ ሲበረታ ይቆጠቁጣል። ልጅ እየተቆጠቆጠ «ይህ ማነው?» ተብሎ ፊደል ከተጠየቀ ፊደሉንም ሕመሙንም አንድ ላይ ነው የሚያስታውሰው። ፊደል ገበታ ሲያይ የሚያለቅስ ልጅ አጋጥሞኛል። በዚህ ሰዓት እሷ ትቁጠር፤ ያወቀችውን ብቻ። መጀመሪያ በአንድ በአንድ እስከ 30፣ ሲለምዳት በአምስት በአምስት። የግድግዳ ሰዓት ካለ የሰከንዱን እጅ እያየች ትቁጠር። መቼ እንደሚያልቅ ስታውቅ ጡንቻዋም ይለቃል። ሰዓት ማንበብም እግረ መንገዷን ትጀምራለች። ወይ ደግሞ አያቷ ተረት ይንገሯት፤ እንቆቅልሽ ይጠይቋት። ተረት መስማት ራሱ የቋንቋ ትምህርት ነው። በጣም ካመማት፣ ከበፊቱ የተለየ ሕመም ከሆነ፣ በተለይ ዳሌዋ አካባቢ ከሆነ፣ ስትሬቺንጉን ያቁሙና ለሐኪሟ ይንገሩ። የነዚህ ልጆች ዳሌ በየጊዜው መታየት አለበት።

ከቤት ይልቅ ግን እኔ የሚያሳስበኝ ክፍል ውስጥ ያለው ወንበር ነው። አንደኛ ክፍል የሚቀመጡት ሁለት ሦስት ልጆች የሚጋሩት ዴስክ ላይ ነው። ያለ ጊዜዋ የተወለደች ልጅ ብዙ ጊዜ ቁመቷ አነስ ይላል። እግሯ መሬት ሳይነካ ይንጠለጠላል። እግር ሲንጠለጠል ዳሌ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጀርባ ይጎብጣል፤ ልጅቷ እንዳትወድቅ በአንድ እጇ ዴስኩን ትይዛለች። ከዚያ በቀረው እጅ ብቻ ደብተር ይዛ ልትጽፍ ነው ማለት ነው። ጽሑፏ ይንጋደዳል፤ ከሰሌዳ ገልብጣ አትጨርስም። አስተማሪዋም «ቀርታለች» ትላለች። ፊደል ላይ ቀርታለች ያሉኝ አንዱ ምክንያት ይህ ቢሆን አይገርመኝም።

ነገ ትምህርት ቤት ሄደው እግሯን ይዩት። ከተንጠለጠለ አናጢ ጋ ሄደው ዝቅ ያለች የእንጨት ሳጥን ያሠሩላት። ሁለቱም እግሮቿ ጠፍጣፋ ሆነው የሚያርፉባት፣ የማትንሸራተት ትሁን። የሳጥኗን ከፍታ ከቤት ሳይሆን ልጅዎ እዚያው ዴስኩ ላይ ተቀምጣ ይለኩ። ጀርባዋና የዴስኩ መደገፊያ መካከል ክፍተት ካለ የታጠፈ ጋቢ ወይ ጠንካራ ትራስ ያድርጉ። ዴስኩ ጫፍ ላይ፣ ለመውጣትና ለመግባት በሚመቻት በኩል ትቀመጥ። በዚህ ዋጋ ከዚህ የበለጠ ለትምህርቷ የሚጠቅም ነገር አላውቅም።

ዎከሩም አጠገቧ ይሁን። መተላለፊያ ያጣብባል ተብሎ ክፍሉ ጀርባ ወይ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ልጅቷ ሽንት ቢመጣባት እንኳ ሰው መለመን አለባት። ብዙዎቹ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብለው ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጡም። ይህን ከልጅዎ ጋር ብቻዎን ሆነው ይጠይቋት፤ ላትነግርዎ ትችላለች።

ከአስተማሪዋ ጋር ሲነጋገሩ ተጨማሪ ሥራ ስጫት አይበሉ። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዛለች። ከምትሠራው ላይ ለልጅዎ የሚሆነውን ያሳይዋት። ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጆቹ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ይቆማሉ። ይህ ለልጅዎ ያለ ምንም ወጪ የተገኘ የመቆም ልምምድ ነው። ዎከሯን ይዛ ትቁም፤ ሲደክማት ትቀመጥ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምር። ሰሌዳ ማጥፋት ሌላው ነው። ዳስተር ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች መድረስ ለትከሻ፣ ለወገብና ለእግር በአንድ ላይ ነው የሚሠራው። ሁልጊዜ አይሁን፤ በሳምንት ሁለቴ ተራዋ ይድረስ። እንደ ሌሎቹ ልጆች ተራ የደረሳት መሆኑ ራሱ ለሷ ብዙ ነው። ሰሌዳ ላይ ወጥታ ስትጽፍ ግን ፊደሉ የምታውቀው ይሁን። ቆሞ መጻፍ ከባድ እንቅስቃሴ ነውና ደንቡ እዚህም ይሠራል።

በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ዳር ተቀምጣ እንዳትቀር። መዝለል ባትችልም በዎከር እየረገጠች ማለፍ ትችላለች፤ ጠጠሩን መወርወርና የቀኖቹን ስም መጥራት ደግሞ ከማንም እኩል ነው። ልጆች ሕግ ማስተካከል ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ካሳዩዋቸው በራሳቸው ያስኬዱታል። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይም ነጥብ መዝጋቢ ብቻ አያድርጓት፤ አንዳንዴ ነጥብ መመዝገብ ጥሩ ሒሳብ ቢሆንም።

ስለ ድካም ግን አጥብቄ ልንገርዎ። እንደ ልጅዎ በዎከር የሚሄድ ልጅ እኩዮቹ ለመራመድ ከሚያወጡት ጉልበት እጥፍና ከዚያም በላይ ያወጣል። ጠዋት ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሙሉውን መንገድ በእግሯ ካስኬዷት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ደክማ ነው የምትቀመጠው። መራመድ ልምምድ ነው ብለው ትምህርቷን አያሳጧት። ረጅሙን መንገድ በታክሲ፣ በጀርባዎ ወይ በዊልቸር ይውሰዷት፤ ከግቢው በር እስከ ወንበሯ ያለውን በራሷ ትሂድ። ዊልቸር መጠቀም መሸነፍ አይደለም። አንዳንድ ወላጅ ዊልቸር ካየች መራመድ ትተዋለች ብሎ ይፈራል። ለረጅም መንገድ ዊልቸር፣ ለአጭሩ ዎከር መጠቀም እኛ ራሳችን የምንመክረው ነው። ሲደክማት ደግሞ ምልክት አለው። ጉልበቶቿ ይጋጫሉ፤ የጫማዋ ጫፍ መሬት ይጎትታል፤ ጽሑፏ ከመስመር ይወጣል። ያን ጊዜ ስፖርቱም ትምህርቱም ይቁም።

የፊዚዮቴራፒ ቀናትን በሚመለከት፣ መጀመሪያ ቀጠሮው ከሰዓት ሊሆን ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ቦታ ከሰዓት ሰልፉ ይቀንሳል። ካልተቻለ ቀኖቹ እንዲቀያየሩ ያድርጉ። ሁልጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከሆነ ሁልጊዜ የሚያመልጣት አንድ ዓይነት ትምህርት ነው፤ ሒሳብ ከሆነ ሒሳብ እንደጎደላት ይኖራል። ለአስተማሪዋ የቀጠሮ ወረቀቱን ያሳይዋት፤ ያመለጠውን ገጽ በደብተሯ ላይ ምልክት ታድርግበት።

ወረፋ የሚጠበቅበት ጊዜ ደግሞ የእርስዎ ነው። ኮሪደር ላይ የበር ቁጥሮች አሉ፤ የካርድ ቁጥር አለ፤ የተለጠፈ ማስታወቂያ አለ። «እኛ 24 ነን፣ አሁን የገባው 19 ነው፤ ስንት ሰው ቀረ?» ይህ እውነተኛ ሒሳብ ነው። ገና ልምምድ ስላልጀመረች አልደከማትም፤ ስለዚህ አዲስ ነገር ማስተማሪያው ምርጥ ሰዓት ይህ ነው። ከልምምድ በኋላ ግን ምንም አይጠይቋት። ታክሲ ውስጥ ትተኛ። ታክሲ ላይ መውጣትን ግን ፊዚዮቴራፒስቷ እንድታለማምዳት ይጠይቁ። የሚኒባስ መውጫው ከፍ ያለ ነው። አንድ እግር አንስቶ እጀታ ይዞ መውጣት ለአዲስ አበባ ልጅ የዘወትር ችሎታ ነው።

አራት ኪሎ መኖርዎ አንድ ነገር ያመቻችልዎታል። አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ቅርብዎ ነው። ቅዳሜ ወይ እሑድ ይውሰዷት፤ ደረጃ ስላለ አብሯችሁ የሚያግዝ ሰው ይኑር። ድንቅነሽን ያሳይዋት። በ1967 ዓ.ም. አፋር ሀዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ሳይንቲስቶች በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ያወቁት የዳሌዋንና የጉልበቷን አጥንት አይተው ነው። የጭን አጥንቷ ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የኛም እንደዚያ ነው። ለልጅዎ ይህ ከማንም ልጅ በላይ የሚገባት ነገር ነው። ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሉትን ቃላት ከፊዚዮቴራፒ ክፍል ታውቃቸዋለች። «ሰላም» ስለተባለችውም ይንገሯት። ሳይንቲስቱ ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቹ አፋር ዲኪካ ላይ ያገኟት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ቅሪተ አካል ናት፤ ከድንቅነሽም በፊት የኖረች ናት። ሰኞ ክፍል ገብታ ስለ መራመድ ለጓደኞቿ የምታስረዳው እሷ ትሁን። የአካባቢ ሳይንስ አስተማሪዋ ዕድል ትስጣት። ስለ እግር ሲወራ ሁልጊዜ የምትታዘንላት ልጅ አንድ ቀን አዋቂዋ ትሁን።

ማታን በሚመለከት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እያለቀሰች ከምትሠራ 20 ደቂቃ በደስታ ብትሠራ እመርጣለሁ። ከላይ የነገርኩዎትን ሁሉ በአንድ ማታ አይጀምሩ። አንዱን ይምረጡ። በኔ ምርጫ የፊደል እርምጃው ይቅደም፤ ፊደል ላይ ስለቀረች። ቆርኪው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። እሑድ ሁለቱም ይቅሩ። ቤቱ ሁሉ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ከሆነባት ልጅ የምትሆንበት ቦታ ታጣለች። በልምምድ መሃል ስትስቅና ከጨዋታው ስትወጣም አይቆጧት።

ፊዚዮቴራፒስቷን ለሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲህ ይጠይቋት፦ «ለዚህ መንፈቅ ዓመት ግባችን ምን ይሁን?» ግቡ የትምህርት ቤት ቋንቋ ያለው ይሁን። ከክፍሉ በር እስከ ወንበሯ ያለ ሰው ድጋፍ መድረስ፤ ሰልፍ ላይ መዝሙሩ እስኪያልቅ መቆም፤ ሰሌዳ ላይ ስሟን ቆማ መጻፍ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ይደሰታል። ግቡን አንድ ደብተር ላይ ትጻፍልዎ። ደብተሩ ከሕክምናው ወደ አስተማሪዋ፣ ከአስተማሪዋ ወደ ሕክምናው ይመላለስ። ሁለት መስመር ከሁለቱም በኩል በቂ ነው። ትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህር ካለው ከመጀመሪያው ቀን ያስገቡት፤ ከሌለው በአካባቢው የአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ልጆች አብረው የሚማሩበት) ድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት የቱ እንደሆነ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

አንድ ነገር አልጻፉልኝም፤ ዓይኗ ታይቷል? ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ የዓይን ችግር አብሯቸው አለ። አንዳንዱ ይንሸዋረራል፣ አንዳንዱ ከሰሌዳ አጥርቶ አያይም፣ አንዳንዱ ደግሞ የተጨናነቀ ገጽ ላይ አንዱን ፊደል ከሌላው መለየት ይቸግረዋል። «በ»ን ከ«ሰ»፣ «ሀ»ን ከ«ሁ» የምታምታታ ከሆነ ሐሳቧ ተበትኖ ነው ብለው አይለፉት። ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍሉ የታወቀ ነው፤ ከእርስዎም ሩቅ አይደለም። ጆሮዋም ይመርመር። ውጤቱ እስኪመጣ አስተማሪዋ ፊት ወንበር ላይ ታስቀምጣት፤ እርስዎም ወለሉ ላይ የሚጽፉላትን ፊደል ትልቅና ወፍራም ያድርጉት፤ አንድ ገጽ ላይም ከአንድ ረድፍ በላይ አይደርድሩባት።